በሰም የተደፈነችው ቀዳዳ

ጥቅምት ፫ ቀን ፲፱፻፸፫ ዓ.ም.፣ ባ/ዳር። ዕድሜዬ ስልሳ ስምንት ዓመት ከሦስት ወር።

ዛሬም ከጋራዥ ባዶ እጄን ተመለስሁ። ሃያኛ ቀን። ቮልስ መኪናዬ እንደ ቅርጫ በሬ ብልቷ ተለያይቶ ተዘርግታለች። መካኒኩ ፈንታሁን መንገድ ላይ ቀጥ የሚያደርጋት ፒስተኗ ነው ብሎ ፈርዷል፤ ዕቃው ከአስመራ እስኪመጣ ጠብቅ ነው። ያሳደገችኝ እኅቴ እታለም መራዊ ከተማ እግሯ ተሰብሮ ተኝታለች። ወጌሻ አስሮላታል፤ ሐኪም ካላየው ግን ይጣመማል። አውቶቡስ ላይ መቀመጥ አትችልም። የሰው መኪና አልለምንም፣ ወንድሜ ይመጣል ብላ ትጠብቃለች። ይህን ለፈንታሁን ብነግረው ሣቀ፦ «አባቴ፣ እርስዎም መኪናዎም ጡረታ ወጥታችኋል፤ ምን ያስቸኩላችኋል?»

ማስታወሻዬ ሆይ፣ ይህችን ሣቅ ያዝልኝ።

ጥቅምት ፲፰፣ ከቀትር በኋላ።

እታለም መጣች። በእህል መኪና፣ ኩንታል ላይ ተጋድማ። ሐኪሞቹ ዘግይቷል አሉ፤ አጥንቱ ተጣሞ ገጥሟል። ከእንግዲህ ያለ ምርኩዝ አትሄድም። «መኪና ያለው ወንድም አለኝ እያልሁ ጎረቤት አሳቅሁ» አለችኝ።

ለቀበሌው ጻፍሁ። «ፈንታሁን የኢኮኖሚ አሻጥረኛ ነው» ብዬ። ይህ ቃል የሚሠራውን አውቃለሁ፤ አምና የተጻፈበት ባለሱቅ እስካሁን አልተመለሰም። አርባ ዓመት ያስተማርሁት ሰዋስው ለዚህች ገጽ ኖሯል! አንዲት ቃል አልባከነችም። ነገ እልከዋለሁ።

ጥቅምት ፲፱፣ ረፋድ።

ቮልሷ ተገጣጥማ ወጣች። አዲስ ፒስተን፣ አሮጌ በሽታ፤ ሐይቁ ዳር ስንደርስ ቀጥ አለች። ጀልባ ሠሪው ሐጅ ሰይድ መጡ። የነዳጁን ክዳን ቢያላሉት እስስ... ብሎ አየር ሳበ። ሞተሩ ወዲያው ተነሣ።

«የኔታ፣ ትንፋሽ ከልክለዋት እኮ ነው! ይህችን የክዳኑን መተንፈሻ ቀዳዳ በሰም የደፈናት ማነው?»

ክዳኑን ተቀብዬ ሰሙን በጥፍሬ ፋቅሁና ኪሴ ከተትሁት። ነዳጅ በኩፖን ቢሆን፣ ጠብታ እንዳይተንብኝ ብዬ በጧፍ ሰም የደፈንሁት እኔ ነኝ።

ያው ዕለት፣ ዘጠኝ ሰዓት።

ንዴቴ አልበረደልኝም። አምስት ሳምንት! ጤነኛ ሞተር አርዶ አንዲት ክዳን አልከፈተም። የቀበሌውን ወረቀት ግን አቃጠልሁት። ለራሱ ለፈንታሁን ሌላ ጻፍሁ፤ ድንቁርናውን፣ ሣቁን፣ የእታለምን እግር፣ አንድም ሳላስቀር። ሲያነበው ጆሮው ይጋላል። የመጨረሻዋ መስመር ቀዳዳዋን ማን እንደ ደፈናት ትናገራለች። ስጽፍ ከሁሉ ያዘገየችኝ ያቺ መስመር ናት።

በዚያችው ሰም አሸግሁት። ላክሁት።