አውሮፓ ያልጠየቀችው አንቀጽ

ብራስልስ፣ ረቡዕ

ሩክሳንዳዬ፣

ዛሬ አዲሱን የፀረ ሽብር ሕግ ረቂቃችንን ከአውሮፓ ኅብረት ደንብ ጋር ስናስተያይ፣ ሰውን አሥር ቀን ያለ ዳኛ ማሰር የሚፈቅደው አንቀጽ ላይ ደረስን። በድሮው ዘመን አባትሽን እንዲሁ ነበር የወሰዷቸው። አለቃዬ አቶ ግሪጎሬ፣ «ይሄንን አውሮፓ ነው የጠየቀን» አሉ።

«የት ላይ ነው የተጻፈው?» ብዬ፣ ብድግ ብዬ አብራን የተቀመጠችውን የአውሮፓ ኅብረት ባለሙያ ጠየቅኳት።

«አንቺ ልጅ፣ ተቀመጪ» አሉኝ አቶ ግሪጎሬ፤ አልተቀመጥኩም። ሴትዮዋ ደንቡን ገልብጣ፣ «እኛ እንዲህ አላልንም» አለች፤ ቃሏም ቃለ ጉባኤው ላይ ሰፈረ፤ አንቀጹም ወጣ። አገር ቤት፣ ኪሺናው ቢሆን ማን ይሰማኝ ነበር?

ስንወጣ አቶ ግሪጎሬ፣ «አገር ቤት ስንገባ አንቀጹን መልሼ አስገባዋለሁ» አሉኝ።

«እኔም እዚያው ነኝ» አልኳቸው።

ፖስትካርዱ ሞላብኝ። እናትሽን ሳሚልኝ፤ ልጆችሽም ናፍቀውኛል። ሰኞ ከአቶ ግሪጎሬ ቀድሜ ቢሮ እገባለሁ።

ዶምኒካ