አባቴን ለገደሉልኝ ጸሐፊ

ለጓድ ሰብስቤ ጉደታ
የሙዚቃ ጋዜጠኛ፣ የባንዶች ታሪክ ጸሐፊና የቀበሌያችን የኪነት ጉዳይ ተጠሪ
ናዝሬት

ክቡር ጓድ ሆይ፣

ከሁሉ አስቀድሜ እንደምን ሰንብተዋል እላለሁ። ጤናዎ እንዲሰነብት፣ ዓይንዎ እንዳይደክም፣ ብዕርዎም እንዳይደርቅ ከልብ እመኛለሁ፤ የስንቶቻችን ዘመዶች በሕይወት መኖርና አለመኖር በብዕርዎ ላይ የተንጠለጠለ ነውና።

እኔ አንሙት ገሠሠ፣ ከጎጃም ከብቸና የመጣሁ፣ ትምህርቴ ከአራተኛ ክፍል ያላለፈ፣ በቀበሌያችን የጮራ ኪነት ባንድ ውስጥ ጊታር የምጫወት ወጣት ነኝ። ይህን ወረቀት በግድግዳ ጋዜጣው ሰሌዳ ላይ ስለጥፍ እንደምፈራ አልደብቅም። ሆኖም ሂስና ግለ ሂስ ጓዶች የሚተራረሙበት መንገድ መሆኑን በየስብሰባው ያስተማሩን እርስዎ ስለሆኑ፣ ተማሪዎ ትምህርቱን በሥራ ሲያውል እንደማይከፋዎት ተስፋ አደርጋለሁ።

አንደኛ፤ ስለ ሙያዎ ርዝመት አመሰግናለሁ። በንጉሡ ዘመን ላንጋኖ ዳር ባሉ ሆቴሎች የሚጫወቱትን ባለ ጎፈሬ የሮክ ባንዶች «የሥልጣኔ ነጋሪት» ብለው አሞገሱ። አብዮቱ በፈነዳ ማግስት እነዚያኑ ጊታሮች «የኢምፔሪያሊዝም ቅራቅንቦ» ብለው ረገሙ። ዛሬ ደግሞ እኔ የምይዘው ጊታር «የጭቁኖች ድምፅ» ሆኗል። ጊታሩ ግን ከአንዱ ሆቴል የተወረሰ ያው የድሮው ጊታር ነው፤ በእነዚህ ሁሉ ዓመታት የተለወጠለት ነገር ቢኖር ክሩ ብቻ ነው።

ሁለተኛ፤ ደራ ከተማ ላይ ስላቀረብነው ትርኢት በጋዜጣ የጻፉልንን ውዳሴ ሳላነሳ አላልፍም። «ሕዝቡ በእንባና በእልልታ ተቀበላቸው» ብለዋል። የዚያን ቀን የጭነት መኪናችን መንገድ ላይ ተሰብሮ ደራን ሳናያት መመለሳችንን አልሰሙ ኖሯል። እኛም ጋዜጣውን እየተቀባበልን ሳቅን። ያልነበረ ትርኢት ለማድነቅ የቻለ ብዕር ሌላም ነገር እንደሚችል ያን ጊዜ ሊገባን ይገባ ነበር።

ሦስተኛ፤ አባቴን ስለ ገደሉልኝ አመሰግናለሁ።

ስለ ባንዳችን መጽሐፍ ሊጽፉ ፈልገው በጠየቁኝ ጊዜ አባቴ አዝማሪ መሆኑን፣ ሠርግ ከሠርግ እየዞረ እንደሚያድር፣ ጣቴን በክር ላይ ያሳረፈውም በገዛ ማሲንቆው መሆኑን ሳልደብቅ ነገርኩዎት። እርስዎም ራስዎን እየነቀነቁ ጻፉ። መጽሐፉ ታትሞ ሲወጣ ግን አባቴ «ማሳውን ሲያርስ በፀረ አብዮተኞች ጥይት የወደቀ ጭቁን ገበሬ» ሆኖ አገኘሁት። አባቴ በሬ ጠምዶ አያውቅም። በምረቃው ዕለት ለእርሱ የኅሊና ጸሎት እንዲደረግ ሲያዝዙ አዳራሹ በሙሉ ተነሣ፤ እኔም ተነሣሁ፤ አንገቴንም ደፋሁ። ይህ የእኔ ግለ ሂስ ነው፣ በእርስዎ ጥፋት ላይ አልጨምረውም።

መጽሐፍዎ ሩቅ ደረሰ። የመሠረተ ትምህርት ዘማች በአገሬ የገበሬ ማኅበር ስብሰባ ላይ አነበበው። አባቴ ለሠርግ ወጥቶ ሰንብቶ ስለ ነበር መሞቱን የተጠራጠረ አልነበረም። በእኛ ዘንድ መርዶ የሚነገረው ጎህ ሳይቀድ ነውና ጎረቤት ተሰብስቦ እናቴን ሊያረዳ ደጃችንን አንኳኳ። በሩን የከፈተው ግን ማታውን ሰው ሳያየው የገባው አባቴ ነበር። ለቀስተኛው ሁሉ ሲደነግጥ አንዱ ሽማግሌ፣ «ገሠሠ፣ ያንተን መርዶ ይዘን ነው የመጣነው» አሉት። አባቴም፣ «እንግዲያስ ግቡ፤ ለቅሶ ደራሽ ውጭ አይቆምም» አለ። አዝማሪ ነውና አሳቃቸው። መርዶው የተነሣው ከልጁ ስም መሆኑን ሲሰማ ግን እርሱ አልሳቀም።

ማሲንቆውን አንግቦ በአውቶቡስ ናዝሬት ድረስ መጣ። የቤት አከራዬ ወይዘሮ ሽታዬ ኦሮምኛ ቀላቅላ «ኮቱ፣ ይግቡ አባባ» እያለች ስትለማመጠው እርሱ እኔን እያየ፣ «አንሙት፣ ጥይቱ የት ላይ ነው የመታኝ?» አለኝ።

በማግስቱ እርምት ይጻፍልኝ ብዬ ወደ ቢሮዎ መጣሁ። «ታሪክ ከታተመ በኋላ አይፋቅም። ደግሞስ ለአዝማሪ አባት ማን ያለቅሳል? ሽማግሌውን አጎቴ ነው በል» አሉኝ። ምክርዎን ተቀበልኩ፤ እንዲህ ያለ ምክር የሚቀበል ሰው ስለ ፈጠሩም ሊኮሩ ይገባል። የባንዱ ልጆች ሊጠይቁኝ ቤቴ መጥተው፣ «እኚህ አባት ማን ናቸው?» ሲሉኝ፣ አባቴ አጠገቤ ተቀምጦ እየሰማ፣ «አጎቴ ናቸው» አልኩ። አንቱ ማለቴ ራሱ ባዕድ አደረገው። እርሱም እንግዶቹ እስኪወጡ ጠበቀና፣ «በሰው ፊት ስሜን እስክትመልስልኝ እህልህን አልቀምስም» አለኝ። ከዚያ ወዲህ የሚበላው ከወይዘሮ ሽታዬ ቤት ነው። እኔ ያቀረብኩለትን ውኃ እንኳ አይነካም። ይህ ሳይፈታ ወደ አገሩ ከተመለሰ ዳግመኛ የአባቴን ደጅ ለመርገጥ ፊት የለኝም።

ስለዚህ በመጪው ቅዳሜ የውይይት ክበብ ላይ ገሠሠ ሕያው እንደ ሆነ፣ ገበሬ ሳይሆን አዝማሪ እንደ ሆነ በአንደበትዎ እንዲናገሩልኝ በትሕትና እለምናለሁ። ለመግደል አንድ መስመር በቅቶዎታል፤ ለማስነሣትም ከዚያ በላይ አይፈጅም። እርስዎ ባይመችዎት እኔው እናገራለሁ። ከባንዱ ብሰናበትም ክሩን ያስተማረኝ ሰው አብሮኝ አለ።

በብዕርዎ ጥላ ሥር የሚንቀጠቀጥ፣ በአባቱ ፊት ግን ከዚያ ይልቅ ያፈረ፣ ከፍ ያለ አክብሮቱንም በዚህ ወረቀት የሚያቀርብልዎ፣

የሕያው አዝማሪ ልጅ
አንሙት ገሠሠ
ታኅሣሥ ፲፱፻፸፬ ዓ.ም.

ከፊርማ በኋላ የታወሰ፦ ይህን ደብዳቤ ከመለጠፌ በፊት ለአባቴ አነበብኩለት። እርሱም፣ «ለጥፈህ ና፤ እራት አብረን እንበላለን» አለኝ። እንደ ሥልጣንዎ ወረቀቱን መቅደድዎ እንደማይቀር አውቃለሁ፤ እባክዎ እጃችንን ታጥበን ከማዕድ እስክንነሣ ድረስ ብቻ ይታገሡን።