ከመደርደሪያው ያልወረደው ጫማሽ

ልጄ ኖሚን፣ ሰማዩ ይጠብቅሽ፤ መንገድሽ ነጭ ይሁንልሽ። እኛ ደህና ነን፤ የከተማችን የዳርካን ብርድ ግን ዘንድሮ ጉድ ነው። አባትሽን ሳሉ ለቀቅ አድርጎታል፤ ግራጫዋ ላምም ወልዳለች። በየማለዳው አንቺ ወዳለሽበት ወደ ጃፓን ዞሬ፣ መንገድሽ እንዲቃና እንደ ልማዳችን ወተት እረጭልሻለሁ።

የማደሪያችሁ ጠባቂ ወይዘሮ ኪኩኖ ትናንት ደወሉልኝ፤ ጓደኛሽ ሳሩል አስተረጎመችልን። "ስትገባ አውልቃ በዋናው በር መደርደሪያ ላይ ያኖረችው ጫማ ካልወረደ ዘጠኝ ቀኑ" አሉኝ። "ሾርባ በክፍሏ በር ላይ ሳስቀምጥላት ሳህኑን ባዶ አገኘዋለሁ፤ እሷን ግን አላያትም።"

ለሾርባው እንኳ አልሰነፍሽም። ታዲያ በየቀኑ "ከክፍል አሁን ገባሁ" እያልሽ የምትጽፊልኝ ምንድን ነው? አልቆጣሽም፤ ለአባትሽም አልነገርኩም። ፈርቼ ነው።

እባክሽ የኔ ልጅ፣ ጫማሽን አጥልቀሽ እስከ ደጅ ብቻ ውጪልኝ። ከዚያ ወደ ትምህርትሽ ብትሄጂም፣ ወደ ቤትሽ ብትመጪም ምርቃቴ ያው ነው፤ እግርሽን ይባርክልኝ። ወይዘሮ ኪኩኖ የጫማሽን ቦታ ባዶ ያገኙት ቀን ይደውሉልኛል። ስልኩን ከጉያዬ አላወጣም።

እናትሽ ዱልማ