ሳልደርስሽ የቀረሁት ለቅሶ

ውድ ዚቫ፣

ፈረዱልን። ከሌላ ሰው ሰምተሽው ይሆናል፤ ቢሆንም ከእኔ እንድትሰሚው ፈለግሁ። በዴር ሱማቅ መንደርና በወይራ ማሳዎቹ መካከል ያለው የአጥር በር በወይራ ለቀማ ወራት በየቀኑ ከጠዋት እስከ ማታ እንዲከፈት ታዘዘ። ሽማግሌው ገበሬያችን አቡ አውኒ ወደ ገዛ ዛፎቻቸው ለመግባት የፈቃድ ወረቀት መለመናቸው ቀረ። አሥራ አንድ ዓመት የለፋንበት ጉዳይ በሩብ ሰዓት ተነበበና አለቀ።

ውሳኔው ሲነበብ እንደ ልማዴ ወደ ግራ ዞርኩ። አንቺ በምትቀመጪበት ወንበር ላይ አንድ የማላውቀው ጠበቃ ቦርሳውን አስቀምጦበታል። ዳኛዋ መነጽራቸውን አውልቀው፣ "ባልደረባዎ የት ናቸው?" አሉኝ።

"ትንሽ አሟታል" ብዬ ዋሸሁ። ችሎት ፊት እንዳልዋሽ ያስተማርሽኝ አንቺ ነሽ። ግን ምን ልበላቸው? ተኳርፈናል ልበል?

የመጀመሪያውን ቀን ታስታውሺዋለሽ? ኢየሩሳሌም ውስጥ ያንኳኳሁት የጠበቃ ቢሮ ሁሉ ቦታ የለንም ብሎኝ አንቺ ጋ የመጣሁ ቀን? ወረቀቶቼን ሳታዪ፣ "አረብኛ ትችያለሽ፣ ዕብራይስጥ ትችያለሽ፣ መናደድም ትችያለሽ። መናደዱን እንዴት እንደሚጽፉት እኔ አሳይሻለሁ" አልሽኝ። የመጀመሪያ ማመልከቻዬን ዓለም አቀፍ ስምምነቶቹን አንቀጽ በአንቀጽ ደርድሬ፣ ኮርቼ አመጣሁልሽ። ከዳር እስከ ዳር አነበብሽውና ግርጌው ላይ "ሰውየው የት አለ?" ብለሽ ጻፍሽበት። ተናድጄ ስጠይቅሽ፣ "አንቀጹ ዳኛውን ያስገድደዋል፤ ሰውየው ደግሞ እንቅልፍ ይነሳዋል። ሁለቱም ያስፈልጉናል" አልሽኝ። ይኸው እስከ ዛሬ እንደዚያ ነው የምጽፈው።

የእኔ እናት "ከእስራኤሎቹ ጋር ምን ትሠሪያለሽ?" ትለኝ ነበር። የአንቺ እህት ባል ደግሞ በየበዓሉ ማዕድ ላይ ለጠላት፣ ለፍልስጤማውያን የምትቆም ይልሽ ነበር። ምሳ ሰዓት ላይ በሰሊጥ የተነሰነሰውን ዳቦ ለሁለት ቆርሰሽ፣ "ዛሬ ከዳተኛ የተባለው ማነው?" ትያለሽ። "ዛሬ የእኔ ተራ ነው" እላለሁ። እስክናነባ እንስቃለን። ስለ ሰላም የሚመክሩ ጉባኤዎች በጠሩን ቁጥር ለፎቶ ጎን ለጎን ያስቀምጡናል፤ አንቺ በጆሮዬ፣ "ሰላሙ ቢመጣ እኮ ሥራ ፈቶች ነን" ብለሽ ታስቂኛለሽ። ሳቄ የወጣበትን ፎቶ "ተስፋ" ብለው ያትሙታል።

ከዚያ ያ ቅዳሜ መጣ።

የእህትሽ ልጅ አሚታይ በጋዛ ድንበር አጠገብ፣ ቤቱ ውስጥ ተገደለ። ከጋዛ ለሕክምና የሚወጡ ሕጻናትን በገዛ መኪናው ሆስፒታል ሲያመላልስ የኖረ ልጅ። እዚያው ያለው የእህትሽ ቤት ስለተቃጠለ ሰባቱን የለቅሶ ቀን ኢየሩሳሌም አንቺ ቤት ተቀመጣችሁ። እኔ አልመጣሁም። እስከ ዛሬ የምታውቂው ይህንን ነው።

መጥቼ ነበር፣ ዚቫ። በአራተኛው ቀን። መኪናዬን ከቤትሽ ፊት ለፊት አቁሜ አንድ ሰዓት ያህል ተቀመጥኩ። ሰው ይገባል፣ ይወጣል፤ አንዳንዱ የወታደር ልብስ ለብሷል፣ ጠመንጃ አንግቷል። እኔን ሲያዩ ምን ይላሉ ብዬ ፈራሁ። ይኼ ግን ሰበብ ነው፤ እውነቱን ልንገርሽ። ያን ዕለት ጠዋት አክስቴ ፊርያል ከጋዛ ደውላ፣ "ልጆቹን ይዤ ወዴት ልሂድ? አንቺ የተማርሽ ነሽ፣ ንገሪኝ" ብላኝ ነበር። ሳልመልስላት ስልኩ ተቋረጠ። እና መኪናው ውስጥ ሆኜ በልቤ፣ "እስቲ መጀመሪያ እሷ ስለ ዘመዶቼ ትጠይቀኝ" እል ነበር። አንቺ ሐዘን ላይ ተቀምጠሽ፣ እኔ ካንቺ ጥያቄ እጠብቃለሁ! ሞተሩን አስነስቼ ተመለስኩ።

ከሦስት ሳምንት በኋላ ጋዛ ውስጥ የአክስቴ ቤት በቦምብ ተደበደበና በእሷና በሦስት የልጅ ልጆቿ ላይ ፈረሰ። በማግስቱ ቢሮ ገባሁ፤ ሌላ መሄጃ አልነበረኝም። ወሬውን ሰምተሻል፤ ከዓይንሽ ታወቀኝ። ሻይ አፍልተሽ ጠረጴዛዬ ላይ አስቀመጥሽልኝና፣ "የዴር ሱማቅን ፋይል አየሽው?" አልሽኝ።

"አላየሁትም" አልኩሽ።

በቃ። አራት ወር እንዲህ ኖርን። አንድ ክፍል፣ ሁለት ጠረጴዛ፣ በመካከላችን ፋይል ብቻ። ሁለታችንም የሰው ልጅ ክብር አይደፈርም ብለን ስንጽፍ እንውላለን፤ አንዳችን ለሌላችን ግን "እግዜር ያጥናሽ" ማለት አቃተን።

በመጨረሻ በአንዲት ቃል ተጣላን። ማመልከቻው ላይ "ሰለባዎች" ብዬ የጻፍኩትን "ጉዳት የደረሰባቸው" ብለሽ አረምሽው። ድሮ ቢሆን እንስቅበት ነበር። እኔ ጮኽኩ። አንቺም እስክሪብቶሽን ጥለሽ ተነሳሽ።

"አንዲት ቃል ጠብቄ ነበር፣ ሱሃይር። ቀብሬ ስመለስ አንዲት ቃል!"

"አንቺስ ቀብረሻል! እኔ ገና አልቀበርኩም!"

ኮትሽን ይዘሽ ወጣሽ። ከቃጠሎው በኋላ ሐይፋ የሰፈረችው እህትሽ ጋ መግባትሽን የሰማሁት ከሰው ነው።

ከዚያ ወዲህ ያለውን ምን ብዬ ልንገርሽ? ጠበቃዋም እኔ፣ ጸሐፊዋም እኔ፣ ሻይ የማፈላውም እኔ። የእኛ ሰዎች "ከእነሱ ጋር የኖረች" ብለው ያሙኛል፤ የእናንተዎቹ ጠበቆች ኮሪደር ላይ ሲያዩኝ ስልካቸውን አውጥተው ያላዩኝ ይመስላሉ። የሚሰድበኝ አላጣሁም፤ ስድቡን ምሳ ላይ የምቀባበለው ሰው ነው ያጣሁት። ዳቦው ግማሹ ይተርፈኛል።

ትናንት ከአቡ አውኒ ጋር ወደ በሩ ሄድን። ዘበኛው ወታደር ገና ልጅ ነው፤ ትእዛዙን አንዴ አንብቦ ግራ ተጋባና እንደገና ጀመረው። አቡ አውኒ ምርኩዛቸውን ተደግፈው፣ "ቀስ ብለህ አንብበው ልጄ፤ ለመጻፍ አሥራ አንድ ዓመት ፈጅቷል" አሉት። ልጁ ሳቁን ዋጠና ከፈተልን።

ዛፎቹ ብዙዎቹ ደርቀዋል። አረሙ ከወገብ በላይ ነው። አዛውንቱ ካልደረቁት የአንዱን ግንድ በእጃቸው ዳበሱና ሥሩ ተቀመጡ።

"ያቺስ?" አሉኝ።

"ማን?"

"አታሹፊብኝ።"

"ተጣልተናል፣ አቡ አውኒ።"

"በምን?"

ነገርኳቸው። መኪናው ውስጥ የተቀመጥኩትን ሳይቀር ነገርኳቸው። ለማንም ተናግሬው አላውቅም ነበር።

"ሁለታችሁም ሞቶባችሁ፣ ሁለታችሁም ተቀያይማችሁ!" አሉና ራሳቸውን ነቀነቁ። "ይህንን ነው ዩኒቨርሲቲ ያስተማሯችሁ?" ቀጥለው ደግሞ፣ "ሐሙስ ሐሙስ ትደውልልኛለች" አሉ።

"ማን? ዚቫ?"

"በዚያ በተሰባበረ አረብኛዋ። መጀመሪያ ስለ ጉልበቴ ትጠይቀኛለች፤ ከዚያ ድምጿን ዝቅ አድርጋ 'የሱሃይር አክስት ተገኙ ወይ?' ትለኛለች። ሁልጊዜ። 'እኔ ምን አውቃለሁ፣ ራሷን ጠይቂያት' ስላት ድምጿ ይቆራረጣል። ማልቀሷ ይመስለኛል፤ መስመሩ መጥፎ ነው፣ እርግጠኛ አይደለሁም።"

እንዴት እንዳለቀስኩ አልነግርሽም። አቡ አውኒ ተነስተው ጀርባቸውን ሰጡኝና እስክጨርስ ድረስ ብቻቸውን ወይራ ለቀሙ።

ዚቫ፣ ለአቡ አውኒ ላቀረብሽው ጥያቄ መልሱ ይኸው። አልተገኘችም። ሕንጻው አራት ፎቅ ነበር፤ ፍርስራሹን የሚያነሳ መሣሪያ የለም። ልጆቹ ራጌድ፣ ኢያስና ቱሊን ይባላሉ። ራጌድ ዘጠኝ ዓመቷ ነበር፤ ኢያስ ስድስት። ቱሊን ገና ሁለት ዓመት ከመንፈቋ ነበር፤ ጫማ ሊያደርጉላት ሲሉ ታለቅስ ነበር።

ማክሰኞ ከሰዓት በኋላ ሐይፋ እመጣለሁ። ለቅሶ ልደርስሽ ነው፤ ሁለት ዓመት ዘግይቼ። የእህትሽ ባል በሩ ላይ ቢቆም እንኳ ለእሱም የምለው አለኝ፤ እሱም አባት ነው። አሚታይ እንዴት እንደሞተ ጋዜጣው ነግሮኛል። አንቺ እንዴት እንደኖረ ትነግሪኛለሽ፤ ከሕጻንነቱ ጀምረሽ፣ ምንም ሳታስቀሪ። መመለሻ ሰዓት አልቆረጥኩም።

ያንቺው
ሱሃይር
ኢየሩሳሌም