ያስያዝሽላት ፈተና

ጥር 19 ቀን፣ ከሰዓት በኋላ

ለውዷ ልጄ፣

እንደምን ሰነበትሽ? እኔ ከጉልበቴ በቀር ደህና ነኝ፤ ጉልበቴንም ታውቂዋለሽ፣ ደረጃ ሲያይ ያኮርፋል። ልጅሽም ደህና ናት። ይህን ያስቀደምኩት ከዚህ በታች ያለውን ስታነቢ ታመመች ብለሽ እንዳትደነግጪ ነው።

ያስያዝሽላትን የኔትወርክ ፈተና አልተፈተነችም። በስልክ “ውጤቱ ዘገየ” ያለችሽ እውነት አይደለም። በዚያው ሳምንት ሌላውን፣ የኮምፒውተር ጥገናና የተጠቃሚዎች ድጋፍ የሚባለውን ተፈትና አለፈች። ካለፈው ሰኞ ጀምሮም እዚሁ ሰፈር ክሊኒክ ውስጥ ተቀጥራለች። ወዳንቺ አትመጣም። ነገር ማድበስበስ አልወድም፤ ስለዚህ በአንድ ትንፋሽ ጻፍኩት። አሁን ከመጀመሪያው ልንገርሽ።

አንቺ “እዚህ የሚፈለገው ኔትወርክ ነው፣ አለቃዬንም አነጋግሬዋለሁ” ካልሽ በኋላ፣ ያልገባኝን ነገር መምከር ስላልወደድኩ ማሠልጠኛው ድረስ ሄድኩ። ከማተሚያ ቤቱ በላይ ነው፤ ወለሉ ቀኑን ሙሉ ይንቀጠቀጣል። አሠልጣኙ መነጽሩን ግንባሩ ላይ ሰቅሎ መነጽሩን የሚፈልግ ሰው ነው። ለጀማሪ የትኛው የምስክር ወረቀት ይሻላል ብዬ ጠየቅሁት። የሚመጣው ሁሉ በመጀመሪያ የኮምፒውተር ደኅንነቱን ልውሰድ ይላል፣ ክፍሎቹን የማያውቀውን ቤት እንዴት አድርጎ ሊጠብቅ ነው ብሎ ሳቀ። አብዛኛው ሰው ከድጋፉ ቢጀምር ይሻለዋል፤ መሣሪያውን ፈትቶ ይገጥማል፣ ከተጠቃሚው ጋር መነጋገር ይለምዳል፣ ኔትወርኩ ከዚያ በኋላ ይቀለዋል አለኝ። የእኛዋ ግን በየትኛውም ብትጀምር እንደማያቅታት ነገረኝና የቱን እንደምትፈልግ መልሶ ጠየቀኝ።

“እናቷ ዘንድ የሚያደርሳትን” አልኩት።

ከዚያ በኋላ ከእራት በፊት እየተቀመጥን ታጠና ነበር። እኔ ኮምፒውተሩ እንቢ ያለው ደንበኛ፣ እሷ ባለሙያ። ገና አፌን ስከፍት ሶኬቱ ተሰክቶ እንደሆነ ትጠይቀኛለች። ይህማ ስድብ ነው አልኳት። ደንበኛው እንዳልሰካው ብታውቅ እንኳ “እስቲ አብረን እንየው” ማለት እንዳለባት ተምራለች፤ ሰው ሲያፍር ስልኩን ይዘጋል አለችኝ። አሁን ሳስበው ይህ ጥናት ለኔትወርክ እንዳልነበረ ሊገባኝ ይገባ ነበር። አልገባኝም፤ ደስ ብሎኝ ነበርና።

የምስክር ወረቀቱን ይዛ የመጣች ቀን መነጽሬን አድርጌ ርእሱን ደግሜ አነበብኩት።

“የተባልሽው ይሄን አይደለም” አልኳት።

“አውቃለሁ እማዬ።”

“እናትሽ ክፍል ቀለም ቀብታ እየጠበቀችሽ ነው።”

ጫማዋን ሳታወልቅ አልጋዬ ጫፍ ላይ ተቀመጠች። “ኔትወርኩን ካለፍኩ መሄዴ ነው። ከሄድኩ ደግሞ፣ እዚያ ማንን ነው እማዬ የምለው?”

ታስታውሻለሽ፣ አፍ ስትፈታ ታናሽ እህትሽን ሰምታ አንቺን “እትዬ” ማለት ጀመረች። ቤቱ በሙሉ ሳቀ። አንቺም በስልክ ሰምተሽ ሳቅሽ፤ እንዲያውም ድገሚልኝ ብለሽ ለመንሻት። እንዲሁ ቀረ። ልጄ፣ አትወድሽም ማለቴ አይደለም። አንቺ በምትደውዪበት ሰዓት ፀጉሯን አበጥራ፣ ንጹሕ ሸሚዝ ለብሳ ነው ስልኩ ፊት የምትቀመጠው። እኔ ዘንድ ግን ተንጨባራ ነው የምትመጣው።

ትናንት ለመድኃኒቴ ክሊኒክ ሄጄ ነበር። የመዝገብ ክፍሉ ኮምፒውተር ቆሟል፤ ልጅሽ ጠረጴዛው ሥር ገብታ ከጫማዋ በቀር አትታይም። መዝጋቢው፣ ጨዋ ሽማግሌ ነው፣ ተነሥቶ ወንበሩን ሰጠኝና “ልጅዎ ባትኖር ዛሬ ጉድ ፈልቶብን ነበር” አለኝ።

“ልጄ አይደለችም፤ የልጄ ልጅ ናት” አልኩት። ሳላስበው ድምፄ ከፍ ብሎ ኖሯል። ከጠረጴዛው ሥር ያሉት ጫማዎች መንቀሳቀስ አቆሙ።

ማታ ምግብ ላይ ሳለን ነገርኳት። “ከእንግዲህ አያቴ በይኝ። እማዬ የምትባለው እናትሽ ናት።” ዳቦዋን ሳህኑ ላይ መልሳ አስቀመጠችና “እሺ” አለች። ከዚያ ወዲህ በምንም ስም አትጠራኝም። ዛሬ ጠዋት ቁልፉን ፈልጋ ነበር፤ በሩ ላይ ቆማ ጠበቀች፣ ዞር ብዬ እስካያት ድረስ።

ያደረግሁት ላንቺ ብዬ ነው፤ ይጥቀምሽ አይጥቀምሽ ግን አላውቅም። አትቆጪያት። ክፍሉንም ለሌላ ሰው ለመስጠት አትቸኩዪ። ስትደውዪ ቶሎ አትዝጊባት፤ የምትዪው ካጣሽ ስለ ሥራዋ ጠይቂያት፣ የይለፍ ቃላቸውን ስለሚረሱት ሐኪሞች ስታወራ መሳቅ ትወዳለች። ፈቃድ ካገኘሽ ደግሞ፣ ለጥቂት ቀንም ቢሆን፣ አንቺ ነይ። የሳሎኑ መኝታ ሁልጊዜ የተነጠፈ ነው።

ጤናሽን ይጠብቅልኝ። ከሥራ ደክመሽ ስትገቢ “መጣሽ?” የሚልሽ ሰው ፈጣሪ አያሳጣሽ።

የወለድኩሽ፣
እናትሽ