የነጫጮቹ መኪኖች ዋስ

ጥቅምት 8፣ ሰኞ

ከተማችን ሸነን ዛሬም ጭቃ ናት። ቀኑን ሙሉ የመውጫ እቅዱን ስተረጉም ዋልኩ። ችግር ከመጣ የመንገድ ሥራው አስራ አንድ ፈረንጆች በሦስት መኪና ወደ አምቦ፣ ከዚያ አዲስ አበባ። እኛስ? የአገሬው ሠራተኛ "በየቤቱ ይቆያል" ይላል። እሱንም ተረጎምኩት... ምን ላድርግ።

ሐሙስ ልምምድ አለ። ለከተማው ሰው አስቀድመን እንንገር አልኩት ፈረንጁን ማናጀር። "ከተነገረማ ምኑን ልምምድ ሆነ" አለኝ። ሦስት ዓመት እዚህ የኖረ ሰው እኮ ነው።

ጥቅምት 11፣ ሐሙስ

ደሜ እንደፈላ ነው የምጽፈው።

ጠዋት ሦስቱ ነጫጭ መኪኖች ፈረንጆቹን ከነሻንጣቸው ጭነው በገበያው መሃል አለፉ። ሰው ምን ይበል? ፈረንጅ ሻንጣ ይዞ ከወጣ የሰማው ነገር አለ ማለት ነው። ሱቅ ተዘጋ። እናቶች ልጆቻቸውን ከትምህርት ቤት እየጎተቱ አወጡ። ሚኒባሱ ጢም ብሎ ሞላ። እህቴ አረጋሽ ገና የዘጠኝ ቀን አራስ ናት። ባሏ ባይሳ ደንግጦ ከነሕፃኑ አይሱዙ ላይ ጫናት። በዚያ ብርድ፣ በዚያ መንገድ...

ፈረንጆቹ ለምሳ ተመለሱ። እየሳቁ። "በጣም የተሳካ ነበር" አለኝ ማናጀሩ።

ጥቅምት 14

ሕፃኑን ሳንባ ምች ይዞታል። አምቦ ሆስፒታል ኦክስጅን ላይ ነው። እነሱ ደግሞ ዛሬ ካምፑ በር ላይ "ልምምድ ነበር" የሚል ማስታወቂያ ለጠፉ። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ።

ጥቅምት 22፣ ሰኞ

ሕፃኑ ተሻለው። ተመስገን። የእኔ ንዴት ግን አልበረደም።

ሽማግሌዎች ዛሬ ካምፑ ድረስ መጡ። የተናገሩት ኦቦ ተሬፋ ናቸው። "ሰው ይሳሳታል፣ ይሁን። ሁለተኛ ለከተማው ሳትነግሩ ላትወጡ ዋስ ጥሩ።" ማናጀሩ ወረቀት አምጡና ልፈርም አለ። "ወረቀት ዋስ አይሆንም። ሰው ጥራ" አሉት። ማናጀሩ ዞር ዞር ብሎ አየና እኔን ጠቆመ። "እሷ ትሁን።"

ሳይጠይቀኝ። እምቢ ልል ስል ኦቦ ተሬፋ፣ "ኢንታላ ኮ፣ ትቆሚያለሽ?" አሉኝ። ልጄ ብለውኝ እንዴት እምቢ ልበል... እቆማለሁ አልኩ። ለማን ብዬ ነው ግን?

ኅዳር 27፣ ሰኞ

ሰሞኑን አገሩ ሰላም አይደለም። ዛሬ ከዋናው መሥሪያ ቤት ትዕዛዝ መጣ፤ ነገ ንጋት ላይ ውጡ። ማናጀሩ በሩን ዘጋና፣ "ለማንም እንዳትናገሪ። ከሰሙ መንገድ ይዘጉብናል። ከተናገርሽ ሥራ የለሽም" አለኝ።

ዋስ አድርገኸኝ የለም ወይ አልኩት።

"ያ እኮ ለወጉ ያህል ነው።"

ለወጉ! ያ ሁሉ ሽማግሌ ፊት ቃሌን የሰጠሁት ለወጉ ነው? ነገ እኔ በዚህ ከተማ በየት በኩል ነው የማልፈው?

ግን እውነቱን ቢሆንስ? ነግሬ መንገዱ ቢዘጋስ? አንድ ድንጋይ ቢወረወርስ... የአስራ አንድ ሰው ነፍስ።

አመሻሽ ላይ ሄጄ ለኦቦ ተሬፋ ነገርኳቸው። "በስንት ሰዓት?" ብቻ አሉኝ።

ኅዳር 28

ለካ መንገዱ እኔ ከመናገሬ በፊት፣ ትናንት ከቀትር ጀምሮ ተዘግቶ ኖሯል። ከከተማው መውጫ ላይ ወጣቶች ድንጋይ ደርድረውበት ነበር። ማናጀሩ የት ሰምቶ... ምስጢር ያለው ነገር እዚያው ድንጋዩ ላይ ሊያስቀረው ነበር። ኦቦ ተሬፋ ወጣቶቹን ለምነው፣ ከሌሎቹ ሽማግሌዎች ጋር ጎንበስ ብለው ድንጋዩን በእጃቸው አነሱ። መኪኖቹ አለፉ። መስኮታቸው እንደተዘጋ። ከውስጥ አንድ ሰው "ነጋቲ" አላለም። መሰናበት እንኳ!

ከተማው አስቀድሞ ስለሰማ ማንም አልሸሸም። ሱቆችም በሰዓታቸው ተከፈቱ።

ታኅሣሥ 6

ተባረርኩ። "ምስጢር በማውጣት" ይላል። ይበል።

ጥር 18

ማናጀሩ ከአዲስ አበባ ደወለ። ሊመለሱ ነው። ሽማግሌዎቹ አዲስ ዋስ ካልጠሩ አይገቡም ብለዋል። "ሥራሽን መልሼልሻለሁ፣ እታገኝ። አንቺ ቁሚልን" አለኝ፣ ምንም እንዳልተፈጠረ።

ሥራውን እፈልገዋለሁ፣ አልዋሽም። አልቆምም አልኩት። ሌላ ሰው ጥራ።

"ማንን?"

ከሸነን ሰው የምታውቀውን። አንድ ስም ብቻ።

ጠበቅኩት። ሦስት ዓመት ቁርሱን ያቀረበለት፣ መኪናውን ያጠበለት፣ በሩን የጠበቀለት ስንት ሰው አለ...

"ያ ሽማግሌ..." አለ በመጨረሻ። "ድንጋዩን ያነሳው። ስሙ ማን ነበር?"

አልነገርኩትም። መጥቶ ራሱ ይጠይቃቸው።