ነይ ያለችኝ ሴትዮ

ውድ ሙሉዓለም፣

ከግሪክ ተመልሻለሁ። ሻንጣዬ መኝታ ቤቱ በር ላይ እንደተጋደመ ነው፤ እየተሻገርኩት እገባለሁ፣ እየተሻገርኩት እወጣለሁ። የምፈታበት አቅም አጣሁ። መደወል እችል ነበር፤ ግን ብደውልልህ «ኦኬ» ትለኛለህ፣ እኔም «ኦኬ» እልሃለሁ፣ ከዚያ ሁለታችንም ሥራ ይረፍድብናል። ከካሮልተን ግራንድ ፕሬሪ ድረስ፣ ለግማሽ ሰዓት መንገድ፣ ሚስት ለባሏ ደብዳቤ ትጽፋለች ወይ ብለህ ሳትስቅ አንብብልኝ።

ነገሩን ታውቀዋለህ። የአፓርታማው ሊዝ በወሩ መጨረሻ ያልቃል። ከመሄዴ በፊት «ልፈርም ወይስ ዕቃዬን ጭኜ አንተ ጋ ልምጣ?» ብዬ ጠየቅሁህ። «እንደፈለግሽ» አልከኝ። የምትሠራበት መጋዘን ወደ ግራንድ ፕሬሪ ሲዛወር አንተም ለጊዜው ብለህ እዚያ ቤት ከተከራየህ ይኸው ዓመት ሊሞላን ነው። አልተጣላንም። ብንጣላማ ሽማግሌ ገብቶ ያስታርቀን ነበር። እኛን የለያየን ሺፍት ነው፤ ለሺፍት ደግሞ ሽማግሌ አይላክም።

እኔ ኤርፖርት ዊልቸር ስገፋ ስንቱን ወደ ባሕር ሸኝቻለሁ መሰለህ። ሰፋፊ ባርኔጣ አድርገው፣ ገና በሩ ላይ ሳሉ የፀሐይ ቅባት ቅባት የሚሸቱትን። የአክስቴ ልጅ ኤዶም ርካሽ ትኬት አግኝታ «ስሚ፣ አንቺ ቫኬሽን ያስፈልግሻል፣ ሶ እንሄዳለን» ስትለኝ፣ እምቢ ለማለት እንኳ ደክሞኝ ነበር።

የመንደሯን ስም እስካሁን አፌ አልያዘውም። ነጫጭ ቤቶቿ ከኮረብታው እስከ ውኃው ድረስ ወርደዋል። ከታች ያለው አሸዋ ትንሽ ነው፤ ከግራና ከቀኝ ድንጋያማ ተራራ እጁን ዘርግቶ አቅፎታል። ከውጭ ነፋሱ ማዕበሉን ሲያንገላታው ይታያል፤ ወደ ውስጥ ግን አይገባም። ዛፍ ጥላ ሥር ተቀምጬ ጫማዬን አወለቅሁና እግሬን አይቼ አዘንኩለት። የሥራ ጫማዬን ቅርጽ ይዞ ቀርቷል። የመጀመሪያውን ቀን እዚያው እንቅልፍ ይዞኝ ሄደ። በማግስቱም እንደዚያው። ኤዶም ተናደደች። «ኦኬ፣ ለመተኛት ከሆነ ካሮልተን ምን ሆነ?» አለችኝ።

ጠዋት ጠዋት የመንደሩ አሮጊቶች ይመጣሉ። አይዋኙም። ባርኔጣቸውን እንዳደረጉ እስከ ደረታቸው ውኃ ውስጥ ገብተው፣ ክብ ሠርተው ይቆሙና ወሬያቸውን ይሰልቃሉ። ማኅበር የሚጠጡ ነው የሚመስሉት፤ የጎደለው ጠላው ብቻ ነው።

ልንመለስ አንድ ቀን ሲቀረን ተነሥቼ ውኃው ዳር ሄድኩ። መዋኘት እንደማልችል ታውቃለህ። ከሴቶቹ አንዷ፣ ባለ ሰማያዊ ባርኔጣዋ፣ ቀና ብላ አየችኝ።

«ዲፕ?» አልኳት በእጄ ወደ ታች እያሳየኋት። ጥልቅ ነው ወይ ማለቴ ነው።

«ነይ፣ ነይ» አለችኝ።

ምን ልበልህ ሙሉዓለም፣ የት አገር እንዳለሁ ጠፋብኝ። አንዲት የማላውቃት ሴትዮ በገዛ ቋንቋዬ ጠራችኝ። ለምን፣ እንዴት ብዬ አላሰብኩም። ነይ ተባልኩ፣ ገባሁ። ውኃው ከጉልበቴ ወደ ወገቤ ወጣ፣ እኔም ፈገግ እያልኩ ወደ እሷ አንድ እርምጃ ስጨምር ጉድጓድ ገጠመኝ፣ እግሬ መሬት አጣ።

ጨው ውኃውን ጠጣሁት። ሴትዮዋ ክንዴን አፈፍ አድርጋ ጎትታ አቆመችኝ፤ ባርኔጣዋ እንኳ አልወደቀም። ኤዶም እየጮኸች መጣች።

«አንቺ! ስዊም አታደርጊም እኮ! ምን ሆነሽ ነው?»

«ነይ አለችኛ!»

«ኖ፣ ማለቴ፣ ነይ አላለችሽም! ኔ ነው ያለችሽ። በግሪክ ኔ ማለት የስ ነው!»

ይኸውልህ። ጥልቅ ነው ወይ ብዬ ጠይቄ፣ ሴትዮዋ አዎ፣ አዎ ብላ እያስጠነቀቀችኝ ነው እኔ ዘው ያልኩት።

ኤዶም በእንግሊዝኛ ነገረቻቸው፤ ከመካከላቸው የሚገባት አንዷ ለሌሎቹ ተረጎመችላቸው። በሳቅ ሞቱ። ባለ ሰማያዊ ባርኔጣዋ ግን ስቃ ስታበቃ እጇን ዘረጋችልኝና፣ ከጉድጓዱ አርቃ እየመራችኝ፣ ከኤዶም የሰማችውን ቃል ቀስ ብላ «ነይ» አለችኝ። ይኼኛው የእኛው ነበር። ክባቸው ውስጥ አስገቡኝ። የሚሉት አንድም አልገባኝ፤ እጄን እንደያዘችኝ ቆምኩ። ውኃው ተሸክሞልኝ ነው መሰለኝ እግሬን ሕመሙ ለቀቀው፤ ያኔ አለቀስኩ።

«እንደፈለግሽ» የምትለኝ በክፋት እንዳልሆነ አውቃለሁ። ሰው ማስጨነቅ አትወድም፤ እንግዳ እንኳ አንዴ ብላ ብለህ እምቢ ካለህ አትደግመውም። ድሮ ይኼን ጠባይህን እወደው ነበር። አሁን ግን ቀኑን ሙሉ ሌላውን ወደሚሄድበት ስገፋ እውልና፣ ቤቴ ስገባ ራሴን ወዴት እንደምወስዳት ማሰብ ያቅተኛል። ለደከመ ሰው «እንደፈለግሽ» ማለት ተጨማሪ ሺፍት ነው።

አንተም እንደደከመህ አውቃለሁ። ቤትህ ጠባብ ነው፤ እኔ ከሥራ ስገባ አንተ ትወጣለህ፣ እንደገና የምንተያየው በር ላይ ይሆናል። ጥልቅ ነው ወይ ብዬ አልጠይቅህም። መሆኑን አውቄዋለሁ።

ሊዙን አልፈረምኩም። እስከ ዓርብ ደውልልኝ። አትምጪ ካልከኝ አዝኜም ቢሆን እሰማሃለሁ፣ እፈርማለሁ። «ኦኬ» እና «እንደፈለግሽ» ግን አልቀበልም። ሻንጣውንም እስክትደውል አልፈታውም፤ አቅም አጣሁ ያልኩህ ግማሹ ውሸት ነው።

የምጠብቀው ያችኑ አንዲት ቃል ነው። በአማርኛ ማለቱ ካሳፈረህ በግሪክኛ በለኝ። እኔ እንደሆነ ልዩነቱን አልሰማም።

ሚስትህ ዕፀገነት
ካሮልተን፣ እሁድ ከሰዓት